ደንዚል ካልገባ አንገባም

ቬሮና አፕልዌይት የአክስቴ ልጅ ናት። ባርቤዶስ ውስጥ ስሟን ያልሰማ የለም፤ የሰማው ሁሉ የሚያወራው ግን የሬዲዮ ወሬ ነው። እኔ ብሪጅታውን ካለው የክሪኬት ሜዳ አጥር ሥር፣ እሷ ዓሣ በሊጥና በሚጥሚጣ ለውሳ ስትጠብስ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ከዛፍ ልጣጭ የማፈላውን መራራ ሞቢ ስሸጥ ግማሽ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ስለዚህ በአውቶቡስ ውስጥ አንዱ አፈ ጮሌ ተነሥቶ ስለ እሷ ሲያስረዳኝ ደሜ ይፈላል። አርፈህ ተቀመጥ እለዋለሁ። ልናገር ካልኩ እኔው እናገራለሁ።

ቬሮና የሸንኮራ አገዳ አጫጅ ልጅ ናት። ሴንት ጆን ውስጥ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ተወለደች። ላይልን አገባች፤ የስኳር ፋብሪካው ጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ጨዋ ሰው። በመከር ወራት መኪናው ከነሸንኮራው ገደል ገባና እሱን ቀበርን፤ ልጃቸው ደንዚል ገና በእናቱ ቀሚስ ሥር የሚደበቅ ሕፃን ነበር። ያኔ ነው ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ከተማ ወርዳ እኔ ዘንድ ያረፈችው። አላለቀሰችም አልልም፣ አልቅሳለች። ከዚያ ግን መጥበሻ ገዛችና ሥራ ጀመረች። ሳቋ ከላይል ጋር ተቀበረ መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጥርሷን ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ልጁ የክሪኬት ዱላ የጨበጠው መራመድ ከመጀመሩ ጋር ነው። የኮኮናት ዝንጣፊ ይዞ የሠፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ሲያሯሩጥ አደገ፣ ክለብ ገባ፣ ለደሴቲቱ ተጫወተ፣ በመጨረሻም ለትልቁ ቡድን ተመረጠ። ያኔ ከሌላ አገር ጋር አምስት ቀን ሙሉ በሚፈጀው ቴስት የመጀመሪያውን ኳስ የሚጠብቀው መቺ እሱ ነበር። ቬሮና ግን አንድ ቀን እንኳ ከአጥሩ ውስጥ ገብታ አላየችውም። ሥራ አለኝ ትላለች። እውነቱ ግን ፈርታ ነው፤ ዐይኔ ካረፈበት ተሸንፎ ከጨዋታው ይወጣል ብላ ታምናለች። ጨዋታውን የምታየው በጆሮዋ ነበር። ሕዝቡ ቀስ እያለ የሚነሣ ረጅም ጩኸት ካሰማ ኳሷ ድንበር አለፈች፣ አራት ነጥብ ነው። አጭር «እህ!» ካለ መቺው ለጥቂት አመለጠ። ሁሉም ባንዴ ካጓራ ደግሞ አንዱ ወጥቷል ማለት ነው፤ የኛ ይሁን የነሱ ከጉርምርምታው ታውቀዋለች። ዘይቱን እያገላበጠች «አሁን አራት መታ» ትለኝና ወሬ ስንጠይቅ አንድም ቀን አትስትም።

ቡድናችን ደግሞ የአንድ አገር አይደለም፤ ከየደሴቱ የተለቃቀመ ነው። ስናሸንፍ ሁላችንም ወንድማማች ነን። መሸነፍ ከጀመርን ወዲህ ግን ወንድምነቱ ቀረና ጃማይካዊው በትሪኒዳዳዊው፣ ትሪኒዳዳዊው በእኛ፣ እኛ ደግሞ በሁሉም ላይ ጣት መቀሰር ያዝን። መራጮቹ የወደዱትን ቢያሰልፉ የሚመሰገኑበት ደሴት የለም። በተለይ ቴስቱ እኛ አገር የተደረገ እንደሆነ የኛ ልጅ መግባት አለበት። ካልገባ ሠርግ ጠርተው ሙሽራውን ያስቀሩብን ያህል ነው የምንቆጣው።

ደንዚል ቡድኑ ባሕር ማዶ እየዞረ የተጫወተበትን ረጅም ጉዞ ጨርሶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። እዚያ አንድ መለሎ ፈጣን ወርዋሪ ኳሷን ከመሬት አንጥሮ ጆሮው ላይ አላጋበት። የራስ ቁሩ ተሰነጠቀ፣ እሱ ግን ተነሣ፣ ሐኪሞቹም ደህና ነህ አሉት። ደህና አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ኳሷ ወደ ፊቱ ስትነሣ ዐይኖቹ ሳያዛቸው ይከደናሉ። እንዳይከደኑ ይታገላል፣ እምቢ ይሉታል። ይህን እኔ ያወቅሁት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ራሱ ነግሮኝ ነው፤ ለእናንተ ግን አሁኑኑ መንገር አለብኝ፣ አለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም።

በዚህች ደሴት ወንድ ልጅ ያሻውን በሽታ አለብኝ ቢል ይታዘንለታል። ኳስ እፈራለሁ ያለ እንደሆነ ግን ፀጉር ቤት ገብቶ ፀጉሩን መቆረጥ አይችልም። ስለዚህ ደንዚል ዝም አለ። ዝም ሲል ሌላው ሁሉ ተናገረ። ይገባል፣ ትንሽ ነጥብ ይዞ ወይም ባዶውን ይወጣል፣ ወዲያው አገሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። የታክሲ ነጂው አጨባበጡ ነው አለ። ፀጉር አስተካካዩ የሰው ጺም በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ትቶ እግሩ እንዴት መራመድ እንዳለበት በምላጩ አሳየን። የእኛ ቄስ ከስብከታቸው መሃል ወጥተው ስለ ልጁ ግራ ክርን ተናገሩ፤ ምእመኑም አሜን አለ። በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙበት መድኃኒት አንድ ነበር፦ ልጁ አገሩ ላይ፣ በወገኑ ፊት ይግባ፣ አቋሙ ይመለሳል።

እሱ ግን ቀድሞ ከብሪጅታውኑ ቴስት በፊት በነበረው ጨዋታ ማግስት የመራጮቹን አለቃ ሚስተር ሉቢን ሆቴላቸው ድረስ ሄዶ አነጋግሯቸዋል። አንቲጓዊ ናቸው፤ ቀጭን፣ ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ቁጥብ ሽማግሌ። በሩን ዘግቶ እውነቱን ነገራቸው። ለብሪጅታውን አይምረጡኝ፣ ዐይኔ ይከደናል፣ እዚያ እናቴ አለች አላቸው። ሕዝቡን ምን ልበለው ቢሉት አቋሙ ወርዷል ይበሉ፣ ይህን ማንም ያምናል አለ። እሳቸውም ከዚህ ክፍል አይወጣም ብለው እጁን ጨበጡት። በእሱም ቦታ ኡርባን ላሮንድ የሚባል ከዶሚኒካ የመጣ ልጅ ያዙ። አንዴም ቴስት ያልገባ፣ ዓመቱን ሙሉ ነጥብ ሲያስቆጥር የከረመ ልጅ ነበር።

የተመረጡት ስም በሬዲዮ ሲነበብ ቬሮና ሊጥ ታቦካ ነበር። የደንዚል ስም ሳይጠራ ዜናው ወደ አየር ጠባይ አለፈ። እጇን ከሊጡ አላወጣችም። ቀና ብላ አየችኝና «ኮራሊ፣ ረስተውት ነው?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። አልረሱትም፣ ትተውት ነው አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። በማግስቱ ቬሮና ሬዲዮ ጣቢያ ደወለች። ምላሷ እንደሆነ ድሮም አይታጠፍም። ያ አንቲጓዊ በእኛ ሜዳ፣ በእኛ ፀሐይ፣ በእኛ ገንዘብ የኛን ልጅ ሊያዋርደው ነው፤ የትም አገር ሲያጫውተው ከርሞ እናቱ ደጃፍ ሲደርስ ጣለው አለች። ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ባሩድ ተቀጣጠለ። ከሰዓት በኋላ ከሜዳው በር ላይ ጥቂት ሆነው ቆሙ፣ በማግስቱ መንገዱ ጠበበ። «ደንዚል ካልገባ አንገባም» የሚለውን ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከፊት ሆና የምታስጮኸው ግን እሷ ነበረች። ትኬት የገዛው መለሰ፣ ያልገዛው ላይገዛ ማለ። ቬሮና ለዚያ ሜዳ ሰው አንዲት የዓሣ ቁራሽ አልጠብስም ብላ መጥበሻዋን ደፋችው። እኔ ሞቢዬን ሸጥኩ። የሚጮህ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል። ከሃዲ ነሽ ብላ አኩርፋኝ ከረመች፤ እኔም ግድ አልሰጠኝም።

ደንዚል በዚያ ሰሞን ከቤት አይወጣም። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጣራ ያያል። አንድ ማታ እራት ላይ፣ እማ ትንሽ ባርፍ ምን ይለኛል ብሎ ጀምሮ ነበር። ቬሮና አላስጨረሰችውም። ያ ሰውዬ ነው ልብህን የሰበረው፣ አይዞህ፣ እናትህ አልሞተችም ብላ ዓሣውን ጨመረችለት። ልጁ በላ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እሷም ያንን ዝምታ ቁጭት ነው ብላ ተረጎመችው፤ በነጋታው የባሰ ጮኸች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ እንደ ልማዳችን የአሳማ ቅቅልና የስኳር ድንች ቋሊማ ይዘን ስንበላ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ቬሮና አነሣችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። እጇን ስልኩ ላይ ከድና «እሱ ነው» አለች በሹክሹክታ፣ «ሉቢ ራሱ!» ደንዚልን ጎትታ አስነሣችው። ይንጫጩ የነበሩት ሁሉ ሹካቸውን አስቀመጡ።

በስልክ የተባለውን ኋላ ልጁ ነገረኝ። ሽማግሌው እንዲህ ነው ያሉት፦ የክሪኬት ማኅበሩ ሹማምንት ባዶ ሜዳ ፈርተው ያንተን ስም ጻፍ ብለውኛል። እኔን ማስገደድ ይችላሉ፣ አንተን ማስገደድ ግን የሚችል የለም። አሁን አልገባም በለኝ፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ ለሕዝቡ እነግራለሁ፣ ስድቡን እኔ ልስማ፣ ለምጄዋለሁ። እገባለሁ ካልክ ግን ሌላ ማድረግ አልችልም።

እኛ ይህን የት ሰምተን! እኛ ያየነው ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እናቱን ሲያይ ነው። ቬሮና ፊቱ ቆማለች። መጎናጸፊያዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ እየሳቀች ነው። ይህን ሳቅ እኔ ላይል በሕይወት ሳለ ነበር ያየሁት።

«ተናገር እንጂ ልጄ» አለችው፣ «አፍህ ውስጥ ምን ያዝክ?»

«ዝግጁ ነኝ ጌታዬ» አለ ደንዚል።

ቤቱ ተናጋ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ፣ ሠፈሩ በመኪና ጡሩንባ ተናወጠ። ቬሮና እኔን አቅፋ አዞረችኝ፤ ኩርፊያችንም በዚያው አለቀ። ደንዚል ስልኩን ሰቅሎ ወደ ጓዳ ገባ። ደስታ አናት ላይ ወጥቶበት ነው አሉ። ከዶሚኒካ የመጣው ላሮንድ በበኩሉ ሻንጣውን ሊሸክፍ ሲል፣ ቆይ፣ ለተጫዋቾቹ ውሃ ታመላልሳለህ ተባለ። ስለ እሱ የጠየቀ አልነበረም።

የጨዋታው ቀን ፀሐዩ ገና ከማለዳው ይጋረፋል። ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ቬሮና መጥበሻዋን ጥዳ፣ አዲስ ሻሽ አስራ በቦታዋ ተቀምጣለች። ግቢ፣ ነፃ ነው፣ የክብር ቦታ አለሽ ብለው ከበር ሰዎች መጡላት፤ እንቢ አለች። ከዚህ ሆኜ ነው ያሳደግሁት፣ ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ አለቻቸው። ዕጣው ለኛ ወጣና አምበላችን ቀድመን እንመታለን አለ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ የሜዳው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ መሬቱ እግራችን ሥር ተርገበገበ።

«ገባ» አለችኝ።

ገዢ ቢመጣም አላስተናገደችም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁላት። ትንሽ ጭብጨባ ተሰማ፣ አንድ ነጥብ ነው አለች። ሳቅ ተሰማ፣ አንዱ ተንሸራቶ ነው አለች። አጭር «እህ!» ሲሰማ ደረቷን ያዘች፣ ጩኸቱ ሳይከተል ሲቀር ተነፈሰች። ከዚያ ረጅሙ ጩኸት ቀስ ብሎ ተነሣ፣ አደገ፣ ፈነዳ። አራት! ዳንኩ፣ ልጄ ተመለሰልኝ አለች። ማንኪያዋን ወደ ሰማይ አነሣች። እኔም ሞኟ ዕልል አልኩ።

ከዚያ ሜዳው ጸጥ አለ።

እንዲያ ያለ ጸጥታ ከዚያ አጥር ውስጥ ሰምተን አናውቅም። ያ ሁሉ ሰው ከነትንፋሹ የተነነ ይመስል ነበር። የባንዲራው ገመድ ምሰሶውን ሲመታ ይሰማኛል። ቬሮና ጆሮዋን ወደ አጥሩ ግንብ ዘንበል አድርጋ ቆየች።

«ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። «ኮራሊ፣ ይሄን አላውቀውም። ይሄ ምን ማለት ነው?»

ዘይቱ ውስጥ ያለው ዓሣ መጥቆር ጀመረ። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ እየሮጠ ወጣ፣ ቬሮናን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ዞሮ ተመለሰ። ያኔ ገባት። ሻሿ ሲወድቅ ሳታነሣው ወደ በሩ ሮጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ያልረገጠችውን ሜዳ የረገጠችው ልጇን በቃሬዛ ሲያወጡት ነው። ኳሷ ከራስ ቁሩ ጫፍና ከፊት መከለያው ብረት መሃል ሾልካ ገብታለች። ያዩት ሲናገሩ፣ ልጁ አልሸሸም፣ ዱላውንም አላነሣም፤ ዐይኑን እንደጨፈነ ቆሞ ጠበቃት።

ሐኪሞቹ ግራ ዐይኑን አወጡት። ቀኙ ተረፈ፤ ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም አሉን።

ሚስተር ሉቢ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከበሩ ላይ ቆሙ። በዚያ ጊዜ ሬዲዮው ሌላ ዜማ ጀምሯል። አቋሙ የወረደ ልጅ ማን አስገባ? ሉቢ ይውረድ! ባለፈው ሳምንት ካልገባ አንገባም ያለው አፍ ነው ይህንንም የሚለው፤ ሰው አያፍርም። ቬሮና ከአልጋው አጠገብ ተነሥታ በሩን በደረቷ ዘጋችው።

«ደስ አለህ?» አለቻቸው። «እንደማይችል እያወቅህ ነው የሰደድከው። መጀመሪያ በስሙ ገደልከው፣ አልበቃህም፣ ቀጥሎ በሥጋው። እናት የለህም?»

ሽማግሌው ከትከሻዋ ማዶ ልጁን አዩት፤ ልጁ ግን እሳቸውን ማየት አልቻለም። ይቅርታ እመቤቴ አሉና ሄዱ። ጫማቸው በኮሪደሩ ሲርቅ እስኪጠፋ ድረስ ተሰማ። ቬሮና ተመልሳ ተቀመጠች።

«እማ» አለ ደንዚል። ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ አፉ ብቻ ነበር የሚታየው። «እሳቸውን ለምን ትሰድቢያቸዋለሽ?»

«ታዲያ ማንን ልስደብ?»

«እንዳይመርጡኝ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ዐይኔ ይከደናል፣ ፈራሁ አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ያ ሁሉ ስድብ ሲወርድባቸው ስሜን አላነሡም። በስልክም የደወሉት፣ አሁንም ቢሆን አልገባም በል ሊሉኝ ነው።»

ቬሮና ክው አለች። እኔን አየችኝ፤ እኔም የማውቀው አልነበረኝም። ወደ እሱ ዞረች።

«ታዲያ ለምን ዝግጁ ነኝ አልካቸው?»

«አንቺን አየሁሽ» አለ። «አባባ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ያንን እንዴት ብዬ ላጥፋው?»

ቬሮና አልጮኸችም። እጁን ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው፣ እዚያው ይዛው መሸ። እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ፤ አልዋሽም፣ እሷን ልመታት የፈለግሁበት ሰዓት ነበር፣ ወዲያው ደግሞ ልቅፋት ፈለግሁ።

ሚስተር ሉቢ በዚያው ወር ሥራቸውን ለቀቁ፤ አባረርነው እያለ አገር ጨፈረ። ቬሮና አንቲጓ ድረስ ስልክ አስደውላ አፈላልጋቸው ነበር፤ ቢገኙ ምን ልትል እንደነበር አልነገረችኝም፣ አልተገኙም። ላሮንድም ሁለተኛ አልተጠራም፤ ዶሚኒካ ገብቶ ሙዝ ይነግዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ደንዚል ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት እጁን ይዛ ባሕር ዳር ታወርደዋለች፣ ውሃ ውስጥ ይቆማል፣ ትመልሰዋለች። ከዚያ መጥታ ትጠብሳለች፤ መብላት አለባቸው።

ሰው ግን አይተዋትም። ቴስት በመጣ ቁጥር ለመግዛት ጎንበስ ያለ ሁሉ ያዝንላታል። እነዚያ መራጮች ልጅሽን አጠፉብሽ አይደል እማማ፣ እግዜር ይክፈላቸው ይላታል። እሷም ዓሣውን በወረቀት እየጠቀለለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ሁሌ አንድ ነገር ትመልሳለች።

«መራጮቹ አይደሉም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ያኔ ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ ዐይኑን ይሰብራል። ኀዘን ነው የሚያስለፈልፋት፣ ምስኪን ይለኛል። አይደለም፣ እውነቷን ነው ብዬ ስንቱን እንደተጣላሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የሚሰማኝ የለም። ዓሣውን ይዞ፣ መራጮቹን እየረገመ ወደ ሜዳው ይገባል።